የደም ስኳርዎን ቁጥር ማንበብ፦ ከቆሽት እስከ ማስታወሻ ደብተር

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ከክትትል የሚመለሱ ሁለት ስኳር ያለባቸው ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄው ይከተላል፦ «ዛሬ ስንት ሆነልህ?» አንዱ 165 ይላል። ሌላው «እኔስ 145፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ደስ ይለዋል። ባለ 165ቱ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ይገባል፤ ማታ እራቱን ይተዋል፣ አንዳንዱም ተናዶ ከመድኃኒቱ አንድ ፍሬ ይጨምራል። ነገር ግን 165ቱ ምሳ ከተበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተለካ ከሆነ ስኳር ላለበት ሰው መልካም ቁጥር ነው። 145ቱ ሌሊቱን ምንም ሳይቀመስ አድሮ የተለካ ከሆነ ደግሞ መስተካከል ይፈልጋል። የተደሰተው ሰው ነበር ማሰብ የነበረበት።

ይህ መመሪያ «ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «መቼ የተለካ?» ማለትን ለማስለመድ የተጻፈ ነው። ለራስዎ ወይም ስኳር ላለባቸው እናት አባትዎ ይጠቀሙበት። የመድኃኒት መጠን የሚለውጠው የሚከታተልዎ ባለሙያ ብቻ ነው፤ እዚህ የሚማሩት ለባለሙያው ይዘውት የሚሄዱትን መረጃ ማዘጋጀት ነው። ቁጥሮቹ በሙሉ እዚህ አገር በብዛት በሚሠራበት ሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። ልጅ ከውጭ የላከው መለኪያ 7.5 ወይም 9.2 ብሎ ካሳየዎት አይደንግጡ፤ በ18 ያባዙት።

ደረጃ 1፦ ስኳሩ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይወቁ

በአንድ ጎልማሳ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዞረው ስኳር ከ4 እስከ 5 ግራም ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። አንጎል ብቻውን በቀን 100 ግራምና ከዚያም በላይ ይፈጃል። አንድ ሰው ምሳውን ጠግቦ ሲበላ ደግሞ የዚያ ማንኪያ ብዙ እጥፍ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ይገባል። ይህ ሁሉ እየገባና እየወጣ፣ ጤነኛ ሰው ላይ ቁጥሩ ባዶ ሆድ ከ70 እስከ 99፣ ከምግብ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ140 በታች ሆኖ ይቆያል። ይህን ያህል ጠባብ ልክ ጠብቆ መዋል ቀላል ሥራ አይደለም።

ወደ ደም የሚገባው ስኳር ከስኳር ዕቃው ብቻ የሚመጣ አይምሰልዎ። የቆቦው የማሽላ እንጀራ፣ የኩታበሩ የገብስ ቂጣ፣ በሶው፣ ድንቹ፣ ንፍሮው፣ ዳቦው ሁሉ ውስጣቸው እርስ በርሱ የተያያዘ ግሉኮስ፣ ማለትም ደም ውስጥ የሚዞረው ስኳር ነው። አንጀት ያንን እየበጣጠሰ ወደ ደም ያሳልፈዋል። ምላስ ላይ የማይጣፍጥ ምግብም ደም ውስጥ ሲደርስ ስኳር ይሆናል። «እኔ እኮ ስኳር ቀምሼ አላውቅም» የሚሉ እናቶች ቁጥራቸው ከፍ ብሎ ሲገኝ የሚገረሙት ይህን የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ስኳሩ ደም ውስጥ ሲበዛ፣ ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመው ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ይለቅቃል። ኢንሱሊን የጡንቻና የስብ ሴሎች ስኳሩን ከደም እንዲቀበሉ ያደርጋል፣ ጉበትም የተረፈውን እንዲያከማች ያዛል። ገበሬ በመኸር ጎተራውን ሞልቶ በክረምት እየቀነሰ እንደሚበላ፣ ጉበትም ከምግብ በኋላ ይሞላል፣ ሌሊትና በጾም ሰዓት ደግሞ ያወጣል። ክምችቱ 100 ግራም ገደማ ነው። እንዲያወጣ የሚያዘው ግሉካጎን የተባለው ሌላው የቆሽት ሆርሞን ሲሆን፣ አወጣጡ እንዳይበዛ የሚይዘው ያው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ስለዚህ ከምግብ በኋላ ብቻ አያስፈልግም፤ ተኝተንም ጥቂት ጥቂት እየፈሰሰ ጉበትን ይቆጣጠራል።

«ማታ እራቴን ሳልበላ አድሬ ጠዋት ስለካ እንዴት 180 ይሆናል?» የሚለው፣ ሕሙማን ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር መልሱ እዚህ ላይ ነው። ኢንሱሊኑ ሲያንስ ወይም ጉበት አልሰማ ሲለው፣ ደሙ በስኳር ተሞልቶ እያለም ጉበት ማውጣቱን ይቀጥላል። ከንጋቱ በፊት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ሰውነትን ለመንቃት የሚያዘጋጁ ሆርሞኖች ይነሡና ጉበትን ይበልጥ ያነሣሡታል። እራት መዝለል ይህን አያስቆመውም።

ቁጥሩ 180 ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት ስኳሩን ሁሉ መልሶ መያዝ ይሳነውና በሽንት ይለቅቀዋል። ስኳሩ ውሃ ይዞ ስለሚወጣ ሽንት ይበዛል፣ ጥማቱ ይከተላል፣ ሰውነትም ይከሳል። በገጠሩ ሽንት የፈሰሰበት ቦታ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይተው የጠረጠሩ ሰዎች ትክክል ናቸው። ነገር ግን ጉንዳን እስኪመጣ የጠበቀ ሰው ብዙ ዘግይቷል፤ ከ180 በታች ያለው ስኳር ሽንት ላይ ሳይታይ ለዓመታት ዓይንና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ

ዓይነት 1 የሚባለው የሰውነት መከላከያ ራሱ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሴሎች ሲያጠፋቸው የሚመጣ ነው። በብዛት በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል፣ ቶሎ ያከሳል፣ ያለ ኢንሱሊን መኖር አይቻልም። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ላይ ኢንሱሊንን ከቆሽት ለይተው እስኪያወጡ ድረስ ዓይነት 1 የያዘው ልጅ ዕድሜው በወራት፣ ቢበዛ በጥቂት ዓመታት ይቆጠር ነበር። በጥር 1922 መጀመሪያ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል።

ዓይነት 2 ከሁሉም የሚበዛው ነው። ኢንሱሊን አለ፣ ግን ጡንቻና ጉበት እንደ ቀድሞው አይታዘዙለትም፤ ቆሽትም ለማካካስ ሲደክም ቆይቶ ይዝላል። ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ለሌላ ሕመም ሲመረመር ነው የሚያውቀው። በእርግዝና ወቅት የሚከሰተውም አለ፤ ምርመራው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ይደረጋል፣ ከወሊድ በኋላ ቢጠፋም እናቲቱ ወደፊት ዓይነት 2 የመያዝ ዕድሏ ከፍ ስለሚል ክትትሏን ማቆም የለባትም።

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አባባል ወሎ ውስጥ ሰው ይጎዳል። ቀጭን ገበሬ ውሃ እየጠማው፣ ሽንት እየበዛበት፣ እየከሳ «እኔን ምን ስኳር ይይዘኛል» ብሎ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ ይቆያል። በልጅነቱ የምግብ እጥረት የደረሰበት ቀጭን ሰውም በስኳር ይያዛል። እንዲያውም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር ዓይነት 5 ብሎ ለብቻው ዕውቅና ሰጥቶታል። ድርቅና ረሃብ ደጋግሞ ለጎበኘው አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቀጭን ከሆኑ «የኔ የትኛው ዓይነት ነው?» ብለው ባለሙያውን በግልጽ ይጠይቁ፤ ሕክምናው ይለያያልና።

ደረጃ 3፦ ምርመራውን በትክክል ያስደርጉ

ቢያንስ ስምንት ሰዓት ምንም ሳይበላ ተለክቶ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌላ ቀን ተደግሞም ያው ከሆነ፣ ስኳር ነው። ጥማት፣ የሽንት ብዛትና መክሳት እያለ በማንኛውም ሰዓት 200 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘም እንዲሁ። «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለው ኤችቢኤዋንሲ ደግሞ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን። ባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 ያለው ወደ ስኳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሰው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መነሻውን 110 ያደርገዋል።

ስለ ሦስት ወሩ ምርመራ አንድ ነገር ልጨምር። የሚለካው በቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ስለሆነ ደሙ ራሱ ሲታመም ውጤቱ ይዛባል። የብረት እጥረት ያለባት ሴት ላይ ከእውነቱ ከፍ ሊል ይችላል፤ ወባ የደም ሴሎቹን ያጠፋበት ሰው ላይ ዝቅ ሊል ይችላል። ከሚሴ፣ ባቲ ወይም ቆቦ የሚኖር ሰው በቅርቡ ወባ ታሞ ከነበረ ይህን ለሐኪሙ ይንገር።

ደረጃ 4፦ አለካኩን ያስተካክሉ

እጅ በውሃና ሳሙና ይታጠብ፣ በደንብም ይድረቅ። ማንጎ ልጦ ወይም ለሻይ ስኳር ጨምሮ ባልታጠበ ጣት የተለካ ደም 100ውን 200 ሊያደርገው ይችላል። ጣትዎን ከጎኑ ይውጉት፣ መሐሉ ላይ ሕመሙ ይበዛል። ደሙ እምቢ ካለ ጣቱን አጥብቆ ከመጭመቅ እጅን ወደ ታች አንጠልጥሎ ማሞቅ ይሻላል። ስትሪፑ (ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ቀጭን ቁራጭ) የሚበላሽበትን ቀን ይመልከቱ፣ ብልቃጡን ወዲያው ይክደኑ፤ እርጥበትና ሙቀት ያበላሹታል።

የቤት መለኪያ ሚዛን አይደለም። ደረጃውን የጠበቀ መለኪያ እንኳ እስከ 15 በመቶ ከላብራቶሪው ሊለይ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ትናንት 150፣ ዛሬ 160 ሆነ ብሎ መጨነቅም ሆነ መደሰት ዋጋ የለውም። አንድ ቁጥር ከሰውዬው ስሜት ጋር ፈጽሞ አልገጥም ካለ እጅ ታጥቦ እንደገና ይለካ።

ደረጃ 5፦ በጥንድ ይለኩ

እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡት፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ስትሪፕ ውድ ነው፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ከመድኃኒት ቤት ይጠፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው በየጠዋቱ አንድ ጊዜ ይለካና በወር 30 ጊዜ ያንኑ አንድ ነገር ይማራል፤ ጠዋት ላይ ጉበቱ ምን እንደሠራ። ምሳው፣ ቡናው፣ እራቱ ምን እንዳደረገው ሳያውቅ ዓመቱ ያልፋል። ያንኑ ስትሪፕ በጥንድ ቢያደርገው ይሻለዋል፦ አንድ ምግብ ከመብላቱ በፊት፣ ከዚያ መብላት ከጀመረበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ቆጥሮ እንደገና። በዚህ ሳምንት ሁለት ቀን የቁርሱን ጥንድ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቀን የምሳውን፣ ከዚያ የእራቱን። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ከዚህ በላይ መለካት ስለሚያስፈልገው ሐኪሙ ያዘዘውን አይቀንስ።

ለልጆች የሚገዛው ተራ ደብተር ይበቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ የተበላውን ምግብና መጠኑን፣ መድኃኒት የተወሰደበትን ሰዓት ይጻፉ። «እንጀራ በሽሮ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «ግማሽ እንጀራ» ወይም «አንድ ተኩል» ይባል። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አባት የሰፈር ተማሪ ልጅ ይህን ሥራ በደስታ ይሠራዋል።

የብዙ ጎልማሳ ሕሙማን ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው። ለሸመገሉ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ወይም ስኳራቸው ቶሎ ቶሎ ለሚወርድ ሰዎች ሐኪሙ ግቡን ያላላዋል፤ ለነፍሰ ጡር ያጠብቀዋል።

አሁን ጥንዱን እናንብብ። ከቁርስ በፊት 175፣ በኋላ 205 ከሆነ ቁርሱ ብዙም አልጨመረም፤ ችግሩ ከሌሊቱ የመጣ ነው። ይህ ሰው ቁርሱን ቢተው ይራባል እንጂ አይሻለውም፤ ጉዳዩ የመድኃኒት ነውና ደብተሩን ይዞ ክትትል ይሂድ። ከምሳ በፊት 115፣ በኋላ 250 ከሆነ ግን መነሻው ደህና ነው፤ ምሳው ላይ ያለውን ነገር መመርመር ነው። ማታ ሲተኙ 130 ሆኖ ጠዋት 190 የሚያገኝ ሰው ደግሞ አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ይለካ። ያኔ ደህና ከሆነ የንጋቱ ሆርሞን ነው። ዝቅ ብሎ ከተገኘ የማታው ኢንሱሊን በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይናገር።

ደረጃ 6፦ ገበታውን በቁጥሩ ይፈትሹ

ለስኳር ሕመምተኛ የተከለከለ እንጀራ የለም፤ ልክ የሌለው እንጀራ ነው ችግሩ። ጤፍ ነው ተብሎ ሁለት እንጀራ ቢበላ ከአንድ የማሽላ እንጀራ የበለጠ ስኳር ሊያስገባ ይችላል። የትኛው ለእርስዎ እንደሚሻል የሰው ወሬ ከሚነግርዎ የራስዎ ጥንድ ልኬት ቢነግርዎ ይሻላል፦ አንድ ቀን ግማሽ የጤፍ፣ ሌላ ቀን ያንኑ ያህል የማሽላ፣ ወጡ ሳይቀየር።

ወጡ ይበዛ፣ እንጀራው ይነስ። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽንብራ ስታርች (የተያያዘ ግሉኮስ) ቢኖራቸውም ፕሮቲናቸውና አሰራቸው ስኳሩን ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርገዋል። ጎመን ሙሉ ሳህን ቢበላ ቁጥሩን እምብዛም አያነቃንቀውም፤ የሐይቅ ዓሣም እንዲሁ። ጎመኑንና ምስሩን ቀድሞ በልቶ እንጀራውን ኋላ ማድረግም ከምግብ በኋላ ያለውን ከፍታ ይቀንሳል።

ወሎ ውስጥ ከእንጀራው ይልቅ የሚያታልለው የሚጠጣው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ 24 ግራም ይሆናል፣ ያውም በአንድ ተቀምጦ። ጎረቤት በቀን ሁለቴ ቢጠራ እጥፍ። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፣ ስምንት ማንኪያ ገደማ። በርጫ (የጫት ቅምጥ) ወይም ወደጃ (የዱዓ ስብሰባ) ላይ የተቀመጠ ሰው ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ሲደጋግም ይውላል፤ ጫቱ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱን ስለሚዘጋው ምሳውን ሳይበላ መድኃኒቱን ይውጣል። ማር የተፈጥሮ ነው፣ ብርዝም አይጎዳም የሚለውን ይተዉት፤ መለኪያው ማርን ከስኳር አይለይም።

እንግዳ ተቀባይነቱ ራሱ ፈተና ነው። «አፈር ስሆን ጠጡልኝ» የሚልን ሰው እምቢ ማለት ያሳፍራል። ሦስተኛዋን ሲኒ ከመለመን የመጀመሪያዋን ያለ ስኳር መጠየቅ ይቀላል፤ ቡናው ሳይቀዳ በፊት «የኔ ላይ ስኳር አይግባ እትዬ፣ ባዶውን ይስጡኝ» ቢሉ ማንም አይቀየምም። በጨው ይሁንልኝ ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ ስኳር ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ ደም ግፊትም ስለሚከተለው።

ከምግብ በኋላ ሩብ ሰዓት መራመድ ከሚጠበቀው በላይ ይሠራል። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ስኳር ከደም ይወስዳል። በደሴ ዳገት ላይ ለሚኖር ሰው ስፖርት ቤት አያስፈልገውም፤ ከፒያሳ ወደ ቤቱ በባጃጅ ፈንታ በእግሩ ቢወጣ በቂ ነው።

ስለ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና ሽፈራው ሁልጊዜ ይጠየቃል። አብሽ ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ በስኳር ወይም በማር ከተበጠበጠ ግን ጥቅሙ ይጠፋል። የትኛውም የመድኃኒቱን ቦታ አይተካም። ከመድኃኒት ጋር ሲደረብ ስኳሩን ከልክ በላይ ሊያወርደው ስለሚችል የሚወስዱትን ለሐኪም አይደብቁ።

ደረጃ 7፦ ጾም ከመግባቱ በፊት ይመካከሩ

በአንድ ቤት ረመዳንና ሁዳዴ በሚጾምበት አገር ይህ ደረጃ ሊዘለል አይችልም። ሁለቱ ጾሞች በሰውነት ላይ የሚሠሩት ግን የተለያየ ነው። ረመዳን ቀኑን ሙሉ ውሃም ጭምር ይከለክላል፣ ማታ ግን ገበታው ሰፊ ነው። የኦርቶዶክሱ ጾም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያቆይና ከዚያ በኋላ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለሌለ ገበታው እንጀራና ዳቦ ይበዛበታል። የመጀመሪያው አደጋ ከሰዓት በኋላ መውረድ ነው፣ ሁለተኛው ከምግቡ በኋላ መናር።

ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ዓይነት 1 ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ኩላሊቱ የተጎዳ፣ በቅርቡ ስኳሩ ወርዶ ራሱን የሳተ ሰው ባይጾም ይመከራል። ሱረቱል በቀራ ቁጥር 185 ላይ ለታመመ ሰው ፈቃዱ ተቀምጧል፤ ለክርስቲያኑም የንስሐ አባት አለ። ሐኪሙና የሃይማኖት አባቱ የሚሰጡት ምክር የሚጣላ እየመሰላቸው ከሁለቱም የሚደበቁ ሰዎች ናቸው ሆስፒታል በሸክም የሚገቡት።

የሚጾም ሰው መድኃኒቱ በሐኪም እንደገና ይደላደልለታል። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በላይ የማውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ግሊቤንክላሚድና ኢንሱሊን ግን ባዶ ሆድ ላይ አደገኛ ናቸው። ሱሁርን ወደ ንጋቱ ያስጠጉት፣ ባቄላና ገብስ ያለበት ይሁን። ሲያፈጥሩ አንድ ወይም ሁለት ቴምርና ውሃ፣ ከዚያ ሾርባ፤ ሳምቡሳው በቁጥር። በጾም ሰዓት ጣት ተወግቶ መለካት ጾምን እንደማያበላሽ ብዙ ዑለሞች ይናገራሉ፤ የሚያሳስብዎት ከሆነ ሸሁን አስቀድመው ይጠይቁ። ቁጥሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ግን ለማፍጠሪያ አሥር ደቂቃ ቢቀርም ጾሙ ያኔውኑ ይፈታ።

ደረጃ 8፦ ስኳር ሲወርድ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ

ከ70 በታች ሲሆን ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ያለ ምክንያት ቁጣ፣ ከዚያም ግራ መጋባት ይመጣል። ጾም ላይ «ረሃብ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ጫት ላይ «ምርቃና ነው» ይባላል፤ መንገድ ላይ የሚንገዳገደውን ደግሞ «ሰክሯል» ብለው ያልፉታል። ስኳር እንዳለበት የሚገልጽ ወረቀት ኪስ ውስጥ መያዝ ለዚህ ነው።

አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይስጡት፣ ወይም የ300 ሚሊ ሊትሩን ለስላሳ ግማሽ። እንጀራና ዳቦ ለዚህ ሰዓት ይዘገያል። 15 ደቂቃ ቆይቶ ይለካ፤ ካልተነሣ ይደገም። ሲስተካከል ቀጣዩ ምግብ ሩቅ ከሆነ ትንሽ ነገር ይብላ። መለኪያ ከሌለ ምልክቱ ይበቃል፤ እየጠረጠሩ ስኳር መስጠት እየጠበቁ ከመቆየት ያነሰ ጉዳት አለው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም ነገር በአፉ አያስገቡ፤ በጎኑ አስተኝተው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ያድርሱት።

ተቃራኒውም አለ። ቁጥሩ ከ250 በላይ ሆኖ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ የተበላሸ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ፣ ድብታ ከታየ ያው ቀን ሆስፒታል ነው። ታማሚ ስላልበላ ኢንሱሊን ይቅር የሚባለው ምክር ሰው ገድሏል። ጸበል የሚሄድ ሰው ኢንሱሊኑን ይዞ ይሂድ፤ ጠጥቶና ተጠምቆ መርፌውን መወጋት ይችላል።

ደረጃ 9፦ ኢንሱሊኑን ከሙቀት ይጠብቁ

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሳምንት ይቆያል፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ያንብቡ። ደሴ ብርዱ ያግዛል። ከሚሴና ቆቦ ግን ፍሪጅ በሌለበት ቤት ሁለት የሸክላ ዕቃ ያስፈልጋል፦ ትንሹን በትልቁ ውስጥ አድርገው በመካከላቸው አሸዋ ይሙሉ፣ አሸዋውን ውሃ ያጠጡት፣ ኢንሱሊኑን በፌስታል ጠቅልለው ትንሹ ውስጥ ያኑሩ፣ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ነፋሻ ጥላ ቦታ ያስቀምጡት። ውሃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል፤ ጠዋትና ማታ ያርጥቡት። ፍሪጅ ያለው ሰው ከበረዶ ቤቱ ያርቀው፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። አዲስ አበባ ሲጓዙ በእጅ ይያዝ እንጂ ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይውጣ።

ደመናማውን ኢንሱሊን በመዳፍ መካከል ያንከባልሉት፣ አይነቅንቁት። መርፌ የሚወጋበትን ቦታ በየቀኑ ይቀያይሩ፤ አንድ ቦታ የተደጋገመ ይደነድንና መድኃኒቱን በትክክል አያሳልፍም።

ደረጃ 10፦ እግርና ዓይን

ለዓመታት ከፍ ያለ ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። በደጋው ወረዳ ማታ እሳት ዳር እግራቸውን ዘርግተው የሚሞቁ አዛውንት ሳይሰማቸው ይቃጠላሉ፤ ጠጠር የገባበት ኮንጎ ጫማ ቀኑን ሙሉ ሲፈገፍግ ውሎ ማታ ቁስል ሆኖ ይገኛል። ማታ እግር ሲታጠብ ውስጥ እግርና በጣቶች መካከል ይታይ፤ ለአዛውንቶች ልጅ ይይላቸው። የውሃውን ሙቀት በክንድ እንጂ በእግር አይሞክሩ። ጫማ ከመልበስ በፊት ውስጡን በእጅ ይዳስሱ። ትንሿም ቁስል በቤት ቅጠል ሳትሸፈን በቀናት ውስጥ ጤና ጣቢያ ትታይ።

ክትትል ሲሄዱ ደብተሩን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የጤና መድን ካለዎት ደብተሩን ይያዙ። በዓመት አንድ ጊዜ የኩላሊት ምርመራ፣ የእግር ስሜት ፍተሻና የዓይን ጀርባ ምርመራ መደረጉን ባለሙያዎቹ ራሳቸው እስኪያስታውሱ ሳይጠብቁ ይጠይቁ። የዓይኑን በተለይ ደህና አያለሁ ብለው አይተዉት፤ የስኳር ጉዳት የዓይን ጀርባ ላይ ሲጀምር እይታ ገና ጥሩ ነው፣ ሕክምናውም ይበልጥ የሚሠራው ያኔ ነው።